የደብዳቤ ሚዛን

ጡረታ ስወጣ፣ ፖስታ ቤቱ ሲዘጋ፣
አንዲት ሚዛን ሰጡኝ፣ የአርባ ዓመቴን ዋጋ።
ክንዷ ቀጭን ናስ ነው፣ ግራም የምትለይ፣
የፍቅሩን የዕዳውን ያሳለፈች፣ ውስጡን ሳታይ።

ዛሬ ወጥ ቤት ናት፣ ከዳቦው አጠገብ፤
የቱርዲስን ካልሲ ትመዝናለች በደንብ።

ሚስቴ ልትሄድ ነው። በእግሯ። ብቻዋን።
በሚያዝያ ተነሥታ፣ በመስከረም ልትደርስ፣
ከሊንደስነስ ዐለት እስከ ኖርድካፕ ድረስ።

ጎረቤቴ አስላክ አጥሩን ተደግፎ፣
«ባቡር አለ እኮ» አለኝ፣ እጁን አጣጥፎ።
«አውሮፕላንም አለ» አልኩት፣ ሌላ ምን ልበለው?
እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው።

«ለምን?» ብዬ ጠይቄያት ነበር በገና ሰሞን።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለልጆች ካርታ ሰቅላ ያወረደች መምህርት፣
ቡናማውን አይብ እየቆረሰች እንዲህ አለች፦
«ካርታው የተጣጠፈበት ያ ነጭ መስመር፣
ልየው፣ መሬቱም ላይ ይኖር እንደሆን።»

እኔ አልሄድም። ጉልበቴ ካደኝ።
ቀኙ ቀድሞ ከዳ፣ ግራው ተከተለ።
የሄድኩትን ብደምር አገሩን ደጋግሜ ጨርሻለሁ፤
ግን ደግሞ ሁልጊዜ ለእራት ቤቴ ደርሻለሁ።

እና ድርሻዬ ስንቅ ነው። መቋጠር።
ሥጋ በምድጃ ሌሊቱን ማድረቅ፣ አጃ መስፈር፣ ለውዝ መቁጠር።
አሥራ አንድ ካርቶን ሳሎን ተደርድሯል፣
የየመንደሩ ስም በእጄ ተጽፏል፦
ሆቭደን። ሮሮስ።
መኪና የማይደርስባት፣ ባቡር ብቻ የሚያውቃት ፊንሰ።
እግሯ ገና መንገድ ሳለ፣ ጽሕፈቴ ቀድሞ ደረሰ።

እሷ ትለማመዳለች።
የጨው ከረጢት አዝላ፣ ከጀልባው መጋዘን ጀርባ ኮረብታውን ትወጣለች።
ዝናብ ሲጥል ደስ ይላታል፤ «ትምህርቱ ይኼ ነው» ትላለች።
አዲሱን ጫማ ውሃ ነክራ እግሯ ላይ ታደርቃለች፤
ተረከዟ ሲላጥ አትደብቅም፣
መርፌና ፕላስተር ይዤ እንድመጣ ትጠራኛለች።

ማታ ማታ ግን እንጣላለን። በግራም።
«ሴንጢው?» «ትንሹ ይበቃል።»
«ሁለተኛው ሹራብ?» «ሙቀቱ ከመራመድ ይመጣል።»
የካርታውን ጠርዝ በመቀስ ትከረክማለች፦
«ባሕር ላይ አልራመድ፣ ባሕሩ ለምን ይመዘናል?»
የሸሚዟን ምልክት ፈታች።
የሻይ ከረጢቶቹን ክር አንድ በአንድ በጠሰች።
ከዚያ የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ
ሚዛኗ ላይ አስቀመጠች።

አራት ግራም።
ዝም አልኩ።
ዓይኔን አየች፣ ሳቀች፣ መልሳ አጠለቀች።

ያን ሌሊት ሰረቅሁ፣ መስጠት ስርቆት ከተባለ።
ከኮቴ ኪስ አንድ የናስ ፊሽካ ነበረ፣
በፖስታ ጀልባ ሳለሁ፣ ጉም ደሴቱን ሲውጠው፣
«ደብዳቤ መጣ» ብዬ የምነፋው።
እሱን በካልሲ ጠቅልዬ ከቦርሳዋ ሥር ሰደድኩ።
በእኔ ቤት ብልሃት ነው። ተኛሁ።

ሌሊት ዘጠኝ ላይ ከወጥ ቤት ድምፅ ሰማሁ፦
ኪው። የሚዛኗ ክንድ። አርባ ዓመት የማውቀው።
አልተነሣሁም። ጣራውን አየሁ።

ጠዋት ቡና ስጠጣ ፊሽካው ጠረጴዛው ላይ የለም።
ቦርሳዋ በር ላይ ቆሟል፣ ማሰሪያው ጠብቋል።
እሷ ጫማዋን ታስራለች፤ አላየችኝም፤
ወይም እንዳላየች ሆናለች።

ቆሻሻ ልጥል ቅርጫቱን ሳነሣ፣
የጥርስ ብሩሽ እጀታ፣ በመጋዝ የተቆረጠ፤
ግማሽ የማንኪያ ጅራት፤ ሁለት ቁልፍ ከኮት የተበጠሰ።
ሰብስቤ ሚዛኗ ላይ ጫንኳቸው።
ፊሽካው ሃያ አንድ ነበር።
እነዚህ ሃያ ናቸው።

አንዷ ግራም ቴምብር የላትም።
ባለፖስታ ነኝና አውቃለሁ፣ እንዲህ ያለውን እንመልሳለን።
ይችን ግን ዝም አልኳት።
እንዲሁ ትለፍ።